ነጥቦቹ የቆሙበት መስመር

«እዚህ አትቀመጪም፤» አሏት የሟቹ እናት ወይዘሮ ተስፋነሽ።

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ ከቤታቸው ደጅ በተጣለው ድንኳን ውስጥ ይዘምሩ የነበሩት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ግን ሰምተው መዝሙሩን አቋረጡ። ሲና ልትቀመጥበት የነበረውን አግዳሚ ወንበር በእጇ እንደነካች ቀረች። ነጠላዋን ለሐዘን በትክክል መዘቅዘቋን እንኳ እርግጠኛ አልነበረችም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ግላስጎው ተምራና ሠርታ ከተመለሰች ገና ስምንት ወሯ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሁሉ ሰው እያየች ነው የምታደርገው።

የሟቹ ጓደኛና ሥራ አስኪያጅ አልዓዛር ከእናትየው ጎን ተነሥቶ መጣ። ኮሌጅ ሥነ ጽሑፍ የተማረ፣ ቀጭን፣ ንግግሩን እየለካ የሚያወጣ ወጣት ነው።

«እባክሽ ሂጂ፤» አላት ቀስ ብሎ። «አንድ ዓረፍተ ነገርሽ ለዚህ ቤት በቂ ነው።»

ያንን ዓረፍተ ነገር ጅማ ውስጥ ያልሰማው አልነበረም። ሲና «ምት» በተባለ ድረ ገጽ ላይ ስለ ሂፕ ሆፕ ሙዚቀኞችና አልበሞች የምትጽፍ ጋዜጠኛ ናት። የከተማው ልጅ ራፐር አብሳሎም «እሸት» የተሰኘ የመጀመሪያ አልበሙን ከመልቀቁ በፊት ቅጂውን ልኮላት ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግምገማዋን አወጣች። «ቃሉ ጎበዝ ነው፤ ድምፁም ጎበዝ ነው፤ ሁለቱ ግን ገና አልተዋወቁም» ይል ነበር። በዚያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ አብሳሎም ጅማ መርካቶ ካለው ስቱዲዮው ፎቅ ወድቆ ሞቶ ተገኘ። በመሃል ያለው አራት ሰዓት ብቻ ነው። ከተማው አንዱን ከሌላው ለማያያዝ አራት ደቂቃም አልፈጀበትም።

ከትናንት ጀምሮ ሲና ያቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበበቻት አታውቅም። አንዳንዴ እውነት ትመስላታለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ለማሳመር ብላ የጻፈቻት። ሰው ገድላ ከሆነ ግን እውነት መሆኗ ምን ይረባል?

ከድንኳኑ ስትወጣ አንድ ኮፊያ ያደረጉ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ባጃጅ ተደግፈው ቆመው አገኘቻቸው።

«ጋዜጠኛዋ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ኢንስፔክተር ጀማለዲን እባላለሁ።»

«ሊያስሩኝ ነው?»

«በጽሑፍ ሰው የሚታሰር ቢሆን እኔ በምጽፈው ሪፖርት ስንቴ በታሰርኩ። ግቢ።»

በባጃጁ ውስጥ ነገሩን አስረዷት። ነገ ጠዋት ሪፖርት ያስገባሉ። አለቆቻቸው የሚጠብቁት ቃል ታውቋል፤ «ራሱን አጠፋ» የሚል ነው።

«እንደዚያ ከተጻፈ እናትየው ያንን ወረቀት ዕድሜ ልካቸውን ይሸከሙታል፤» አሉ። «አንቺም ትሸከሚዋለሽ። እኔ ደግሞ ያልገባኝን ነገር መፈረም አልወድም። እነዚህ ልጆች የሚሠሩት ሥራ አይገባኝም። የአንቺ ሥራ ምንድን ነው? እንዴት ነው የምትሠሪው?»

አንድን አልበም ሦስት ጊዜ እንደምትሰማ ነገረቻቸው። መጀመሪያ መንገድ ላይ እየሄደች፣ ቀጥሎ ተቀምጣ እየጻፈች፣ መጨረሻ በተራ ስልክ ድምፅ ባጃጅ ውስጥ፤ ሰው የሚሰማው እንደዚያ ስለሆነ።

«ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው፤ እነሆ ባጃጅ። ከሁሉ የወደድሽውን አሰሚኝ።»

ሦስተኛውን ዘፈን ከፈተችላቸው። ኢንስፔክተሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ ከዚያ ሁለት መስመር አስደገሟት፦

በቀትር ፀሐይ የታጠበ ቡና ሳገላብጥ ውዬ፣
የእናቴን ላብ ቆጠርኩት ከአልጋው ሥር ተከትዬ።

«ይህንን ነው የወደድሽው?»

«የአልበሙ ምርጥ መስመር ብዬ ጽፌያለሁ። ኑሮውን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ቃል ነው።»

ኢንስፔክተሩ አንዴ አይተዋት ወደ ውጭ ተመለከቱ።

*

ስቱዲዮው ከፈለ የተባለ ነጋዴ የቡና መጋዘን ላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ግድግዳዋ ድምፅ እንዳያስተጋባ በጆንያና በአሮጌ ፍራሽ ተለብዷል። ከበሩ ውጭ ጠባብ ሰገነት አለ፤ ኩንታል በገመድ የሚሳብበት ቦታ ላይ አጥር የለውም። አብሳሎም የወደቀው በዚያ ክፍተት ነው።

ከፈለ እጁን እያሻሸ ነገራቸው። ሐሙስ የገበያ ቀን ነው፤ መርካቶ ጋሪና ሰው ይጋፋበታል፤ ማን በጓሮ መሰላል እንደወጣ ማን እንደወረደ ማን ያያል? ጩኸትም አልሰማም። ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ጓሮ ሲዞር ነው ልጁን ድንጋይ ላይ ያገኘው።

«ሁለት ዓመት እዚህ ሠርቷል፤» አለ። «ጨለማ ቢሆን እንኳ ያንን ክፍተት ያውቀዋል። ተሳስቶ አይወድቅም፤ ዋላሂ።»

«ተሳስቶ ካልወደቀ ሁለት ነገር ነው የሚቀረው፤» አሉ ኢንስፔክተሩ።

ከማይኩ ፊት ለፊት፣ ለዓይን በሚመች ቁመት፣ በልብስ መቆንጠጫ የተያዘ አንድ ወረቀት ተንጠልጥሎ ነበር። በእስክሪብቶ የተጻፈ ግጥም ነው። ሲና ከጎን ሆና አነበበችው፦

እማ በቀትር ትሸፍነው ነበር ቡናውን በሸራ፣
እኔ ከሥሩ ተኝቼ እሰማት ነበር ስትጣራ፤
ያላየሁትን አወራሁ፣ በሰው ቃል፣ በሰው ብዕር፣
ዛሬ የራሴን ላውራ፣ ቢሆንም ሻካራ ነገር።

ይህ አልበሙ ላይ የለም።

ኢንስፔክተሩ ጣታቸውን ሳያስነኩ በቃላቱ ራስ ላይ የተደረደሩ ደቃቃ ነጥቦችን አሳዩዋት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ምት መቁጠሪያ ነው። ቃሉ ከበሮው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ምልክት ማድረግ ነው። አንዳንድ ግጥም የሚጽፉ ሰዎች እንዲህ ያደርጋሉ።»

«እሱ ያደርግ ነበር?»

ሲና አሰበች። ከሦስት ሳምንት በፊት ቃለ ምልልስ ስታደርግለት ግጥም እንዴት እንደሚጽፍ ጠይቃው ነበር። ሳቀና ወሬ ቀየረ፤ ዘፈን የሚይዘው በጆሮው እንደሆነ ብቻ ነገራት። ይህንኑ ለኢንስፔክተሩ ነገረቻቸው። እሳቸው ግን ነጥቦቹን እየቆጠሩ ነበር። የመጀመሪያው መስመር ላይ ሙሉ ናቸው፤ ሁለተኛው ላይም። ሦስተኛው ላይ «በሰው ቃል» ከሚለው አልፈው አልሄዱም። ከዚያ በታች ወረቀቱ ንጹህ ነው።

ቢቱን፣ የዘፈኑን ሙዚቃ፣ የሚሠራውና የሚቀዳው ኢዮስያስ ዓይኑ አብጦ መጣ። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አብሳሎም እንደጠራው ተናገረ። ግምገማውን አንብቦ ተናዶ ነበር፤ ግን የተለመደው ዓይነት ንዴት አልነበረም።

«ተቁነጠነጠ፤ ወዲያ ወዲህ አለ። ከዚያ ‹ልጅቷ ይዛኛለች› አለኝ። ‹ይዛኛለች ብሮ፤ ሁሉንም እንደ አዲስ እንሠራዋለን› አለ። ወረቀት ላይ ሲጽፍ ያየሁት ያኔ ነው፤ በሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ። ቢቴን አውጥቶ ጣለው። በባዶ ቀዳነው፤ ድምፁ ብቻ።»

«አልተናደድክም?»

«ተናድጃለሁ እንጂ። አምስት ወር የለፋሁበት ቢት ነው።» አፍንጫውን ጠረገ። «ግን ሲቀዳ ሰማሁት። ሰምተህ እንዴት ትናደዳለህ?»

አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ወረቀቱን በስልኩ አንሥቶ ለቲቲ እንደላከ፣ ከዚያ የተበላሸ የማይክ ገመድ ሊቀይር ቤቱ ሄዶ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲመለስ ሰው ተሰብስቦ እንዳገኘ ተናገረ። መንገድ ላይ ያየው ሰው አልነበረም። ይህንን ሲናገር ምስክር እንደሌለው ገባው።

ዘፈኖቹ ላይ አዝማቹን የምትዘፍነው ቲቲ የኮሌጅ ተማሪ ናት። እስከ ስድስት ሰዓት ፈተና ላይ እንደነበረች መምህሯ አረጋግጧል። ፈተናው ከመጀመሩ በፊት አብሳሎም ደውሎላት ነበር።

«‹አዝማችሽን ቆርጬዋለሁ፤ አዲስ እንሠራለን› አለኝ። ሰደብኩት። ሳቀ።» ዕንባዋ መጣ። «ኢንስፔክተር፣ ሊሞት ያለ ሰው እንደዚያ አይስቅም። እኔን የሚያበግነኝ ያ ሳቁ ነው።»

*

አልዓዛር ቃሉን ለፖሊስ የሰጠው ራሱ በእጁ ጽፎ ነበር። ኢንስፔክተሩ ቢሮአቸው ውስጥ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው ሲያነቡ ሲና ጥግ ላይ ተቀምጣለች። በአውራ ጣታቸው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አበስ አደረጉ።

«ዝንብ አርፎበታል፤» አሉ ለራሳቸው።

አልዓዛር ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሊሙ ገነት እንደሄደ ተናገረ። አጎቱ እዚያ ቡና ማጠቢያ ጥበቃ ነው። አልበሙ ሲወጣ ዝግጅት የሚደረግበትን አዳራሽ ሊያይ ነበር የሄደው።

«ሐሙስስ?»

«ቀኑን ሙሉ ከአጎቴ ጋር ነበርኩ። አዳራሹ እስኪከፈት ሠራተኞቹን አገዝኩ። ከአምስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ማድረቂያው አልጋ ላይ የታጠበ ቡና ሳገላብጥ ነበር። መርዶው በስልክ የመጣው ያኔ ነው።»

«ፀሐይ አልነበረም?»

«አናት የሚበሳ ፀሐይ።»

«ኤዬ፣ ልክ ነህ፤» አሉ ኢንስፔክተሩ እየጻፉ። «ሐሙስ ሞቆ ነበር።»

አልዓዛር ሲወጣ ሲና ፊት ቆም አለ። «ቅር እንዳይልሽ፤» አላት። «አጻጻፍሽ ጥሩ ነው። ለእሱ ግን ከበደው።» ይህንን ሲል ዓይኑ ላይ ያየችው ነገር ጥላቻ አልነበረም። ምን እንደሆነ ልታውቀው አልቻለችም፤ ቀኑን ሙሉ ሲቆረቁራት ዋለ።

ቀጥሎ ወደ ጊንጆ ጉዱሩ ተመለሱ። ሲና ወደ ድንኳኑ አልገባችም፤ ሸራው ጀርባ ቆማ ሰማች። ኢንስፔክተሩ ከወይዘሮ ተስፋነሽ እግር ሥር ተቀምጠው ያወሩ የነበሩት ስለ ሞት አልነበረም። ልጁን የት እንዳሳደጉት ነበር የጠየቋቸው።

«ከዱራሜ ስመጣ በጀርባዬ ነበር፤» አሉ እናትየው። «ሊሙ ዘጠኝ ዓመት ቡና አጥቤያለሁ። እሱም ካደገ በኋላ ከእኔ ጋር ያገላብጥ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ቡናውን እንሸፍንና አልጋው ሥር ጥላው ውስጥ አስተኛዋለሁ። ሌላ ጥላ አልነበረንም።»

ከድንኳኑ ሲወጡ ኢንስፔክተሩ ሰዓታቸውን አዩ። «ጁምዓ ደርሷል። ከሶላት በኋላ ሁሉንም ስቱዲዮው እንሰበስባቸዋለን። እናትየውም ይመጣሉ።»

«ያወቁት ነገር አለ?»

«ወደ ሊሙ አንድ ስልክ ልደውል።»

*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክፍሏ ሞላች። ወይዘሮ ተስፋነሽ ከማይኩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ብቻቸውን ተቀመጡ። ቲቲና ኢዮስያስ ፍራሹን ተደግፈው መሬት ላይ፣ ከፈለ በሩ ላይ፣ አልዓዛር መስኮቱ ጋ። ሲና ቆማለች። ማንም ቦታ አልሰጣትም፤ እሷም አልፈለገችም።

«ለእኔ ይህ ሁሉ አዲስ ነው፤» ብለው ጀመሩ ኢንስፔክተሩ። «ስለዚህ ከማውቀው ልነሣ፤ ከቡና። የተወለድኩት ሊሙ ነው። እናቴም እንደ እርስዎ አልጋ ላይ ቡና ስታገላብጥ ነው ያሳደገችኝ። የታጠበ ቡና በቀትር አይገላበጥም። ፀሐዩ ሲበረታ የፍሬው ልባስ፣ ቅርፊቱ፣ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ከአምስት ሰዓት ገደማ ጀምሮ ይሸፈናል። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው የሚገለጠው። ይህንን የሊሙ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። አብሳሎምም ያውቅ ነበር፤ ከሥሩ ሲተኛ አድጓል። ታዲያ አልበሙ ላይ ‹በቀትር ፀሐይ የታጠበ ቡና ሳገላብጥ› የሚለው ማን ነው?»

ሲና ፊቷ ሲግል ተሰማት። የአልበሙ ምርጥ መስመር ያለችው እሱን ነው።

«ድምፁ የአብሳሎም ነው። ቃሉ ግን ቡና ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። ይህች ጋዜጠኛ ቃሉና ድምፁ አልተዋወቁም ብላ ጻፈች። ለምን እንደሆነ አላወቀችም፤ ጆሮዋ ግን ሰምቶታል። እሱም ይህንን አንብቦ ራሱን አላጠፋም፤ እስክሪብቶ ነው ያነሣው። ኢዮስያስ፣ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ያነሣኸውን ፎቶ አሳያቸው።»

ኢዮስያስ ስልኩን ዘረጋ። ወረቀቱ ያው ነው፤ አራቱም መስመር አለ።

«ነጥብ አለበት?»

«የለበትም፤» አለ ኢዮስያስ። ከዚያ ማይኩ ፊት ወደተንጠለጠለው ወረቀት አየ፤ እንደገና ወደ ስልኩ። «የለበትም።»

«ስለዚህ ከአራት ሰዓት ከሃያ እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ አንድ ሰው እዚህ ቆሞ፣ እስክሪብቶ ይዞ፣ የልጁን ግጥም ምት ቆጥሯል። በጠብ አልነበረም የመጣው። ግጥም ሲሰጠው እጁ ሳያውቀው የሚቆጥር ሰው ነው። ሁለት መስመር ቆጠረ። ሦስተኛው ላይ ‹በሰው ቃል› የሚለው ጋ ሲደርስ ምን እያነበበ እንደሆነ ገባው። ነጥቦቹ እዚያ ቆሙ።»

ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ዘረጉ።

«ይህ የአልዓዛር የምስክርነት ቃል ነው። በእጁ የጻፈው። የዝንብ ኩስ መስሎኝ ሁለቴ ጠረግኩት። አልለቅ አለኝ። ‹ሐሙስ ዕለት ከአጎቴ ጋር ነበርኩ› በሚለው ላይ እንኳ ነጥብ ደርድሯል።»

አልዓዛር ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«አጎቴን ጠይቁ።»

«ጠይቄያለሁ። ‹ከጠዋት ጀምሮ ከእኔ ጋር ነበር› አሉ፤ ዘመድ ናቸው። ከዚያ የሠራተኞቹን ኃላፊ ሌንሳን አገኘኋት። በቀትር የታጠበ ቡና ሲያገላብጥ የነበረ ወጣት አይተሻል ወይ ብዬ ብጠይቃት ስልኩ ላይ እስክታነጥስ ሳቀችብኝ። የዘበኛው እህት ልጅ የደረሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሽፋኑን ሲያነሡ፣ አቧራ ለብሶ ነው አለች።» ኢንስፔክተሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ዘፈኑ ላይ የተሳሳትከውን ስሕተት ነው ለእኔም የደገምከው። ቡና ሁልጊዜ በዚያ ፀሐይ ሲገላበጥ ነው የሚታይህ። ያማረ ሥዕል ነው። አይተኸው አታውቅም እንጂ።»

አልዓዛር ወደ ሲና ዞረ። ጠዋት ዓይኑ ላይ ያየችው ነገር እንደገና መጣ፤ አሁን ስሙን አወቀችው። የተወደሰ ጸሐፊ ዓይን ነበር።

«‹የአልበሙ ምርጥ መስመር› ያልሽው አንቺ ነሽ፤» አላት። «ሐሙስ ጠዋት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሊሙ አልሄድኩም ነበር። ደስ ብሎኝ ነው ወደ እሱ የሮጥኩት። ሁለት ዓመት ጻፍኩለት፤ ዘጠኝ ዘፈን። ስሜ አንድም ቦታ እንዲጻፍ አልጠየቅኩም። መሰማቱ ይበቃኝ ነበር። እሱ ግን ያንን ወረቀት ሰጠኝ። ‹ሁሉንም ላወጣው ነው አልዓዛር፤ የራሴን ልሞክር› አለኝ። ሰገነቱ ላይ ተከትዬው ወጣሁ። እየሳቀ ነበር። ቢናደድብኝ፣ ቢሰድበኝ... ደስ ብሎት ነበር። አንዴ ነው የገፋሁት። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ኢንስፔክተሩ ክንዱን ያዙት፤ ከፈለም መንገድ ለቀቀላቸው። በመሰላሉ ሲወርዱ የእግራቸው ድምፅ በመርካቶ ጫጫታ ውስጥ ጠፋ።

ቲቲ አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች። ሲና ቦርሳዋን አነሣች። ነፃ ወጥታለች፤ ሪፖርቱ ላይ ስሟ አይኖርም። ሆኖም ደረቷ ላይ ያለው ነገር አልቀለለም። ያቺ ዓረፍተ ነገር ልጁ የራሱን ድምፅ እንዲፈልግ አድርጋዋለች፤ ያው ጽሑፍ ውሸቱን መስመር አሞግሶ ሌላውን ሰው ወደዚህ ክፍል አስሮጦታል። የቱን ትያዝ? ሩቅ አገር የተማረው ጆሮዋ አንዱን ሰማ፤ ሌላውን አልሰማም።

ወደ በሩ ስትሄድ ወይዘሮ ተስፋነሽ ተናገሩ።

«ልጄ የቀዳው አለ አይደል?»

ኢዮስያስ ራሱን ነቀነቀ፤ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ከበሮ የለም፤ አዝማች የለም። አብሳሎም አየር ስቦ ጀመረ። ድምፁ ሻካራ ነበር፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ተደናቀፈ፣ ቀጠለም። አራቱ መስመሮች አለቁ፤ ከዚያ አጭር ሳቅ ተሰማና ቅጂው ተቋረጠ።

«ሸራ አልነበረም፤» አሉ እናትየው። «ያኔ ሸራ የት ነበረን? በጆንያ ነበር የምንሸፍነው። ሕፃን ነበረ፤ ረስቶት ነው።»

ከንፈራቸው ዳር ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር ታየና ተመልሶ ጠፋ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ወደ ጥግ ጠጋ አሉ፤ በእጃቸውም አጠገባቸው ያለውን ቦታ መታ መታ አደረጉ።

«ተቀመጪ፤» አሏት ሲናን። «ከመጀመሪያው ይክፈትልን።»